ሁለተኛው ጣሳ

ሾዴ ልጅ ሳለች ሁለት ሽማግሌዎች ከአጥር ወዲያ ሲነጋገሩ ሰምታ ነበር። «መርዝ የበላ ውሻ አረፋ ይደፍቃል፣ እግሩም እንደ ዱላ ይደርቃል» ይላል አንዱ። «ወተት ከንቱ ነው። መንቀጥቀጡ ጋብ ሲልለት ከሰል ደቁሰህ በውኃ አጠጣው።» ሌላው «ለአንዱ ብቻ?» አለ። መልሱን አታስታውሰውም።

ጣልያን ጉለሌን ከያዘ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ወታደሮቹ ቤት ከመፈተሻቸው በፊት የተመረዘ ሥጋ በአጥር ይወረውራሉ። የሾዴ ወንድም በዳሳ ከአርበኞቹ ዘንድ ቆስሎ መጥቶ በጓሮው የእህል ጉድጓድ ተደብቋል። ወታደር ሲመጣ የሚነግራት ውሻዋ መከታ ብቻ ነበር። ዛሬ ረፋድ ላይ እሱም አረፋ ደፍቆ ተዘረረ።

«ሥላሴ፣ ይህን አንድ ዘበኛ አትንሱኝ» እያለች ከሰሉን በጣሳ በጠበጠች። ጎረቤቷ አባ ቱሉ የመከታን ራስ ደግፈው ያዙላት።

«ሌላ ጣሳም አምጪ እንጂ፣ ልጄ።»

«ለማን?»

«ለዳማ ነዋ፣ ለሌላው ውሻሽ።»

«ዳማንማ አምና አብረን ቀበርነው፣ አባ ቱሉ። ወተት ስግተው ነው የሞተብኝ።»

ሽማግሌው ወደ ኋላዋ ተመለከቱ። ዞር አለች። ዳማ የጓሮውን ቀይ አፈር እንደለበሰ፣ እግሩን አድርቆ ተጋድሟል። አረፋው ገና ይንጠባጠባል።

ከታች መንገድ የወታደር ጫማ ድምፅ መጣ። መከታ አልተንቀሳቀሰም። የጮኸው ዳማ ነው።

«እሺ» አለች ሾዴ፣ ለሁለተኛው ጣሳ እየተነሣች። «ሁለቱንም አጠጣለሁ።»