ሻለቃው ራሱ ያጣራል

የምላስ ውድድር ቢኖር የሰፈራችንን ዋንጫ የምበላው እኔ ነኝ። ስለዚህ ከተማችንን የሚያስተዳድሩት የውጭ ሰላም አስከባሪዎች ወንድሜን ተካልኝን ከሱቁ ወስደው፣ ደብድበው ያለ ፍርድ ሲያስሩት፣ ማንንም ሳላማክር ካምፓቸው ሄድኩ።

አቤቱታ ሰሚው፣ ጉንጩ ላይ ጠባሳ ያለበት ሻለቃ፣ ወንበር ሳበልኝ፣ ለስላሳ ከፈተልኝ።

"ወንድሜን የደበደበው ወታደራችሁ ካልተጠየቀ እዚሁ ነው የማድረው!" አልኩት በአስተርጓሚው በኩል።

አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና "እኔው ራሴ አጣራለሁ፣ እኔው ራሴ እፈርዳለሁ" አለ። ለሌላ ሰው እንኳን አሳልፎ አልሰጠውም!

እየፈነጠዝኩ ወደ እስረኞቹ አጥር ሮጥኩ።

"ወንድም ጋሼ፣ ጉዳይህን ጨርሼዋለሁ! ያ ጉንጩ ላይ ጠባሳ ያለበት ሻለቃ የደበደበህን ሰውዬ ሊቀጣልኝ ነው!"

ተካልኝ ያበጠ ዓይኑን እንደምንም ገልጦ አየኝ።

"አንቺ ለፍላፊ! የደበደበኝ እኮ እሱ ነው።"