ለስም የተሰጠ ቦታ

ድሮ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ዘበኛ ሳለሁ፣ ሁለት መምህራን በር ላይ ሲከራከሩ ሰምቼ ነበር። አንዱ «ስም ለሚቀበል ፈንክሽን፣ ለዚያች የፕሮግራም ክፍል፣ ሃያ የፊደል ቦታ ይበቃዋል» አለ። ሌላው የመለሰለትን ረስቼዋለሁ።

ዛሬ የክሊኒክ መዝጋቢ ነኝ። ጠዋት የታካሚዎችን ካርድ በኮምፒውተር ማተም ስንጀምር፣ የእማማ ወለተጊዮርጊስ ስም «ወለተጊዮር» ላይ ተቆርጦ ወጣ።

«ልጄ፣ ካህኑ ያወጣልኝን ስም ጨርሳችሁ ጻፉልኝ» አሉ።

ዘንድሮ የተሾመው ወጣት ኃላፊያችን ምንይችል ካርዱን አየና «ጋሼ፣ ማሽኑ የሚችለው ይሄን ነው። ይስጧቸውና ይለፉ» አለኝ።

«አልሰጥም።»

«ታዲያ ሥራዎን ይለቃሉ?»

«እለቃለሁ። የክርስትና ስም ግን አልቆርጥም። ለስም የተሰጠው ሃያ ቦታ የተለካው በፈረንጅ ፊደል ነው፤ የእኛ አንዱ ፊደል ሦስት ቦታ ይይዛል። ፈንክሽኑ የፈለገውን ያህል ረጅም ስም እንዲቀበል ተደርጎ ይስተካከል።»

ምንይችል ሳቀ። «ይሄን የሠራው እኮ ባለሙያ ነው። መዝጋቢ ያርመው?»

«ፕሮግራሙን አምና የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የማሠልጠኛ ዘበኛ ሳለሁ ማታ ማታ ተምሬ፣ ሃያውንም ከአንድ መምህር ሰምቼ።»

እማማ ቀና ብለው አዩኝ። ምንይችል ማተሚያውን አጠፋ፤ ፕሮግራሙን እስካስተካክል ድረስ እሱ ራሱ ስም በእጁ ሊጽፍ ተስማማ።