ያልደረቀው ስንጥቅ

ባንኩ የላከው ቤት ገማች ሳሎን ሲገባ አናጺው ጀርባውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ቆሞ ነበር። ከጀርባው ስንጥቅ አለ። የሰፈሩ ቤቶች ዋጋ በአንድ ዓመት በግማሽ ወርዷል፤ የእሱ ቤት ደግሞ ከብድሩ በታች ከተገመተ ባንኩ ሊወስደው ነው። ጠዋት ስንጥቁን ደፍኖት ነበር። ዕድሜውን ሙሉ እንጨት ሲደፍን የኖረ እጅ ሌላ አያውቅምና ሰጋቱራ በኮላ ለውሶ ሞላበት፤ ያ ግን ሲሚንቶው ላይ አልደርቅ ብሎ ቁጭ አለ።

«ጋሼ፣ እስቲ የሜትሩን ጫፍ ይያዙልኝ» አለ ገማቹ።

«ወገቡን ያመዋል፣ እኔ ልያዝልህ» አለች የአናጺው ሚስት ከአፉ ነጥቃ።

«ግዴለም፣ እሳቸው ይያዙት።»

አናጺው የሜትሩን ጫፍ ሊይዝ እጁን ዘረጋ። ከግድግዳው ሲላቀቅ ኮቱ እንደ ፕላስተር ጨርር ብሎ ተላጠ። ገማቹ ቀና ብሎ ስንጥቁን አየው። ጠጋ ብሎ በጣቱ ነካው፣ አሸተተውም። «አለቀልኝ» አለ አናጺው በሆዱ፤ የሜትሩ ጫፍ በላብ ከእጁ እየተሙለጨለጨ አስቸገረው። ሚስቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭብጥ አድርጋ ያዘች።

ገማቹ ግን እስክሪብቶውን አላነሳም። ከአናጺው ኋላ ዞሮ ኮቱ ላይ የተጣበቀውን ሰጋቱራ በጥፍሩ ይፍቅ ጀመር። የፋቀውንም በጣቶቹ መሃል አሽቶ አየው።

«ጋሼ» አለ ገማቹ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይሄ ነገር በስንት ሰዓት ይደርቃል? ነገ ጠዋት የእኔን ቤት ሊገምቱ ይመጣሉ።»