ለፀሐይ የተወረወረ ጥርስ

«በየት በኩል ነው የወረወርሽው? በጣትሽ አሳዪኝ።»

ራዲያ በደም የራሰውን ጨርቅ ከልጇ አፍ ላይ አንስታ ትጠይቃለች። የስምንት ዓመቷ ጠይባ ቦኖው ጋ ስትጋፋ ጀሪካን አፏን መትቷት፣ የላይኛው የፊት ጥርሷ ከነሥሩ ወልቆ በእጇ ይዛው ነው የመጣችው።

«ለሸምስ» ትላለች ልጅቷ ወደ ፀሐይዋ እያሳየች። «ሌላ እንድትሰጠኝ።»

ሱዳን ውስጥ ባለው የኡም ጋርጉር ስደተኞች ካምፕ ልጆች የወለቀ ጥርስ ለፀሐይ ይወረውራሉ። ጠይባም እስካሁን አራት ወርውራ አራቱም በቅለውላታል። ለዚህ ነው ራዲያ ልጇ ልትወረውረው ስትወጣ ያልከለከለቻት። የካምፑ ክሊኒክ ነርስ ይልቃል ጎረቤቷ ነው፤ ደሙን በአጥሩ በኩል አይቶ ባይመጣ፣ ጥርሱን ለመፈለግም ባላሰበች ነበር።

«የወተት ጥርስ እኮ አይደለም» አላት። «እሱማ አምና ወልቋል። ይሄ ከወለቀ ሌላ አይበቅልም። ቶሎ ካገኘነው ግን ቦታው ልንመልሰው እንችል ይሆናል።»

አሁን ሁለቱም በጉልበታቸው ይድሃሉ። ጥቁሩ አፈር በበጋው ተሰነጣጥቆ ጣት ያስገባል። ራዲያ ነጭ ያየችውን ሁሉ ታነሳለች፤ የማሽላ ፍሬ፣ ጠጠር፣ የቀንድ አውጣ ስባሪ። ዶሮዎቹን ታባርርና ትመለሳለች። የፈለገችበትን ቦታ ደግማ ትፈልጋለች። ባሏ ወደ ፋው እርሻዎች ለጥጥ ለቀማ ሄዷል። ሲመጣ ልጅቷ ትስቅለታለች፤ ክፍተቱን ያያል።

ይልቃል የእጅ ሰዓቱን ያያል።

«ሰዓቱን አትየው» ትለዋለች።

ከአጥሩ ሥር፣ ከአንድ ስንጥቅ አፍ ላይ ታገኘዋለች።

«ሥሩን እንዳትነኪው! በነጩ በኩል ያዢው።»

የፍየል ወተት በብርጭቆ ታመጣለች። ይልቃል ጥርሱን ወተቱ ውስጥ ቀስ አድርጎ ያለቀልቀዋል፤ አያሸውም። ራዲያ የልጇን ጭንቅላት ደረቷ ላይ አስደግፋ ትይዛለች። ጥርሱ ሲገባ ጠይባ በእግሯ መሬቱን ትደበድባለች።

«ጣትሽን እዚህ ላይ አድርጊና እንዳይነቃነቅ ደግፊው። ገዳሪፍ ከተማ ሆስፒታል ወስደን እናሳስረዋለን፤ መኪና ልፈልግ።»

«ይይዝላታል?»

«አላውቅም፣ ራዲያ። ሳምንታት መጠበቅ ነው» ይልና እየሮጠ ይወጣል።

ጠይባ ለመናገር ትሞክራለች። እናቷ ራሷን በመነቅነቅ ትከለክላታለች። ከጣቷ ሥር የሆነ ነገር ትር ትር ይላል። የልጅቷ ደም ሥር ይሁን የራሷ፣ ራዲያ መለየት አልቻለችም። ጣቷን ግን አላነሳችም።