ቀጭኑ ፊደል

የብሔራዊ ውትድርናው አፈሳ በተጧጧፈበት ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ጓድ ሀይሉ የተባለ ካድሬ ከፍኖተ ሰላም መጥቶ መሪጌታ ክንፈሚካኤልን ወደ ገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አስጠራቸው። ሰውየው የዚሁ አገር፣ የሽንዲ ልጅ ነው። በቆሎ ተማሪነቱ ዳዊት ደግሞ፣ ቅኔ ቆጥሮ፣ ኋላ ሁሉን ጥሎ ካድሬ ሆነ ይሉታል።

ጉዳዩ አጭር ነበር። ወጣቱ ቅዳሜ ቡሬ ኳስ ሜዳ ተገኝቶ ምርጥ ዘር እንዲቀበል ማስታወቂያ ይጻፍ።

ዘሩ ምን እንደሆነ መሪጌታ ወዲያው ገባቸው። ያላቸው ልጅ ገደፋው ብቻ ነው፤ እሱም ለጠመንጃ ደርሷል።

«የኛን ወረቀት የሚያየው የለም» አለ ጓድ ሀይሉ። «የርስዎን ግን ያምናሉ። በዚያ በቤተ ክርስቲያኑ እጅዎ ይጻፉልኝ።»

እውነቱን ነው። በታይፕ የተመታው ወረቀት በየሳምንቱ ስለሚለጠፍ ሰዉ ሰልችቶታል፤ አይመጣምም፣ አይሸሽምም። የመሪጌታን ወፍራም ቁም ጽሕፈት፣ የቅዱሳኑ ስም በቀይ የሚወጣበትን፣ ከሩቅ ያየ ግን ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ እንኳ ቆሞ ያስነብበዋል። ወይ ማኅበር ነው፣ ወይ ተዝካር፣ ወይ የእርቅ ጉባኤ። ክፉ ነገር በዚያ እጅ ተጽፎ አያውቅም።

እምቢ ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ካድሬው ቀደማቸው፤ እስከ ቅዳሜ እንግዳችን ነዎት አላቸው። በሩ ላይ ጠመንጃ ያነገቡ ሰዎች ቆሙ። ሚስታቸው ወለተ ሥላሴ ምሳ ይዛ ብትመጣ ምግቡን ተቀብለው እሷን መለሷት። መልእክት መላክ ቀርቶ ማሳል እንኳ የሚያስጠረጥር ሆነ።

መሪጌታ ቁጭ ብለው ብዙ አሰቡ። ቃሉን መቀየር አይቻልም፤ ሰውየው አንድ በአንድ ያነበዋል። ፊደሉን ግን ማን ይከለክላቸዋል?

ቀጥ ባለ፣ ቀጭን፣ ልክ ታይፕ በሚመስል ፊደል ጻፉት። ቀይ ቀለም ጠብ አላደረጉበትም። ከሥሩ እንደ ታዘዙት ስማቸውን አኖሩ። ዕድሜ ልካቸውን እንዲህ ጽፈው ስለማያውቁ፣ ያየው ሁሉ መሪጌታ ተይዘዋል፣ ነገሩ ብሷል ብሎ መሸሹ አይቀርም። አገሩ ሲጨንቀው የሚሸሸግበት የፈጣም ወንዝ ገደል ከነዋሻው አለ። ገደፋውም መንገዱን ያውቀዋል።

ጓድ ሀይሉ ወረቀቶቹን ተቀብሎ አንድ በአንድ አያቸው።

«ቃሉ ልክ ነው» አለ በመጨረሻ፣ እናም በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እንዲለጠፉ ላካቸው።

የተማረውን ረስቶታል፣ አሉ መሪጌታ በልባቸው። ከተያዙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እህል ጣማቸው።

ዓርብ ከሰዓት ጠባቂዎቹ ለሌላ ሥራ ተፈልገው ሄዱ። በሩ ላይ አንድ የሚያንጎላጅ ሽማግሌ ብቻ ቀረ። መሪጌታ ቢፈልጉ መውጣት ይችሉ ነበር፤ ግን ሥራቸውን ጨርሰዋል፣ ምን ያስሮጣቸዋል?

ቅዳሜ ጧት ካድሬው ራሱ ይዟቸው ቡሬ ሄደ። ሜዳው ላይ ጥቂት አሮጊቶች ጆንያ ታቅፈው ተቀምጠዋል። ወጣት የሚባል የለም። መሪጌታ ደስታቸው እንዳይታወቅባቸው ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡት። ልጃቸው ተርፏል፤ እንግዲህ እሳቸውን ቢያስሯቸውም፣ ቢገርፏቸውም ግድ የላቸውም።

«እንግዲህ አልመጡ» አሉ፣ ያዘኑ መስለው።

«አልመጡም» አለ ጓድ ሀይሉ። አልተቆጣም። ወንበር አስመጥቶ በአክብሮት አስቀመጣቸው፤ ሜዳው ላይ ወታደርም የጭነት መኪናም አልነበረም።

«በዚያ እጅዎ እንደማይጽፉት አውቅ ነበር» አለ ጎንበስ ብሎ። «ወታደሮቹ ከትናንት ጀምሮ ፈጣም ናቸው።»