ያልተመለሰው ሸክላ

«ግማሽ ሰዓት ጥጡን ነክሰው ይቀመጡ። ማውራት የለም!» ብላ ነርሷ ሰውየውን ከጥርስ ሐኪሙ ክፍል አወጣችውና አግዳሚው ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

ተራዋን የምትጠብቀው ሴት ቀና ብላ አየችው። ጉንጩ አብጧል፣ ፀጉሩ ሸሽቶ ሸሽቶ ማጅራቱ ላይ ቀርቷል። ማንንም አልመሰላትም። ሰውየው ግን ፊቱን አዙሮ የግራውን ጥግ ትክ ብሎ ያይ ጀመር። ጥጉ ላይ የጥርስ ብሩሽ አያያዝ የሚያሳይ ሥዕል እንጂ ሌላ ነገር የለም። ቀድሞ እዚያ ቦታ ምን እንደነበረ እሷ ታውቃለች፤ የሸክላ መደርደሪያ ነበር። ክፍሉ የጥርስ ሐኪም ቤት ከመሆኑ በፊት ጫማ መሸጫ፣ ከዚያ በፊት ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ ሙዚቃ ቤት ነበር። እሷም ባንኮኒው ጀርባ ቆማ ስድስት ዓመት ሙሉ የሙዚቃ ሸክላ ሸጣበታለች።

ያንን ጥግ እንዲህ አድርጎ የሚያይ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። ዝምተኛው!

ልቧ ድው አለ። «በስልሳ አራት ዓመትሽ? ኧረ እፈሪ!» አለች በሆዷ።

ዝምተኛው የሚለውን ስም ያወጡለት የሱቁ ባለቤት ነበሩ። ቅዳሜ ከሰዓት ይመጣል፣ ሸክላዎቹን አንድ በአንድ ያገላብጣል፣ አንዷን መዝዞ፣ ጣቶቹ ፊቷን እንዳይነኩ በሁለት መዳፎቹ በጠርዟ ብቻ ይዞ እሷ ዘንድ ያመጣል። «ይቺን» ይላል። ይከፍላል፣ ይሄዳል። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣውም። ባለቤቱ «ይሄ ልጅ ወይ ሰላይ ነው፣ ወይ ወዶሻል» እያሉ ይስቁባት ነበር። ሰላይ ባይሆን ደስ ይላት ነበር።

የሱቁ ደንብ እንዲህ ነው፦ የተጫጫረ ሸክላ የደረሰው ሰው በሦስት ቀን ውስጥ አምጥቶ ይቀይራል። የሚቀይር ሰው ደግሞ ዝም ብሎ ይዞ አይሄድም፤ ስህተቱ እንዳይደገም ባንኮኒው አጠገብ ቁጭ ብሎ አዲሱን ከሻጯ ጋር እስከ መጨረሻው ማዳመጥ አለበት። ሁለቱም ፊት ሲሰማ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። በአርባ ደቂቃ ውስጥ ደግሞ ዲዳም ቢሆን አንድ ነገር ይናገራል።

እናም አንድ ቅዳሜ፣ መርፌው አንድ ቦታ ሲደርስ ወደ ኋላ እየዘለለ የሚያስቸግረውን እጅግ የተጫጫረ ሸክላ ንጹሕ ልባስ ውስጥ ከትታ ሰጠችው። እስከ ማክሰኞ ድረስ ሰማያዊ ቀሚሷን ሳትቀይር ጠበቀችው። አልመጣም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ መጥቶ «ይቺን» አለ።

እሱ ራሱ ቢሰማው ኖሮ ይመልሰው ነበር፤ ለሌላ ሴት ነው የሚገዛው ብላ ደመደመች። መንገድ ላይ ራቁቷን የተገኘች ያህል አፈረች። በዓመቱ ሌላ ሰው አገባች። ደግ ሰው ነበር፤ በደንብ አብራው ኖረች፣ ሲሞትም በደንብ አለቀሰችለት። ሱቁም ተዘጋ። ያቺ እፍረት ግን አልለቀቀቻትም። ሽንኩርት ስትልጥ፣ ልብስ ስታሰጣ ድንገት ትመጣና ጆሮዋን ታቃጥለዋለች።

ግማሽ ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ተነስታ አጠገቡ ሄደች።

«ይቅርታ፣ እርስዎ… እዚህ ሙዚቃ ቤት ሳለ ይመጡ ነበር?»

ዞረ። አያት፣ አያት፣ ዓይኑ ፈጠጠ። አፉን ሲከፍት ጥጡ ሊወድቅ ሆነና በመዳፉ አፈነው።

«አይናገሩ! አይናገሩ!» አለችው ደንግጣ። ከዚያ ግን አሁን ካልጠየቀችው መቼም እንደማትጠይቀው ገባት። ነርሷ ከመጥራቷ በፊት በአንድ ትንፋሽ አወጣችው። «አንድ የተጫጫረ ሸክላ ሸጬልህ ነበር። ሆን ብዬ ነው። መልሰህ እንድታመጣው ብዬ። ለምን አላመጣኸውም?» አንቱታው የት እንደወደቀባት እንኳ አላወቀችም።

ሰውየው ኪሱን ዳበሰ። መድኃኒት የታዘዘበትን ወረቀት ገልብጦ ጻፈበትና ሰጣት። መነጽሯን ቤት ረስታለች፤ ወረቀቱን አርቃ፣ ከዚያ አቅርባ፣ እንደገና አርቃ አነበበችው።

«ማጫወቻ አልነበረኝም።»

«ምን ማለት ነው? መቶ ሸክላ ገዝተሃል እኮ! እኔ አይደለሁ እንዴ የሸጥኩልህ? ማጫወቻ የሌለው ሰው ሸክላ ምን ያደርግለታል?»

ወረቀቱን ተቀበላት። ሊጽፍ እስክሪብቶውን አነሳ፣ አሰበ፣ ተወው። ጣቱን ቀስ ብሎ ቀሰረና ወደ እሷ ጠቆመ። መላጣው ሳይቀር ቀላ።

ደስ አላት። ዝም ብሎ ደስ አላት። ወዲያው ደግሞ ለሁለቱም አዘነች፤ ለዚያች ሰማያዊ ቀሚስ ለባሽና የማይሰማውን ዘፈን ተሸክሞ ለሚሄደው ልጅ።

«አይ አንተ!» አለች። ቀጥላም «አይ እኔ!» አለች።

«ተረኛዋ እማማ ይግቡ!» አለች ነርሷ ብቅ ብላ። «አባባ፣ እርስዎም ጊዜዎ ሞልቷል፤ ጥጡን ተፍተው መሄድ ይችላሉ።»

አባባ ራሱን ግራና ቀኝ ነቅንቆ ጥጡን ጠበቅ አድርጎ ነከሰ። ሴትየዋ ቦርሳዋን ሰጥታው ገባች።

ሐኪሙ «አፍዎን ይክፈቱ» አላት። ከንፈሯ እሺ አላላትም፤ ፈገግ በማለት ተይዟል።

«አይፍሩ እናቴ፣ ገና ምንም አልነካሁዎትም።»

በተገረበበው በር ሰውየው ይታያታል። ቦርሳዋን ጭኑ ላይ አቁሞ፣ ጣቶቹ የቦርሳውን ፊት እንዳይነኩ እየተጠነቀቀ፣ በሁለት መዳፎቹ በጠርዝና በጠርዙ ብቻ ይዞታል።