ከታጠበ በኋላ የቀረው

ባለሙያዋ ኤሌኒ ከላቦራቶሪው ስትወጣ ጓንቷን እንኳ አላወለቀችም። ኮሪደሩ ላይ ከባሏ ጋር ስትጠብቅ የቆየችው እታገኘሁ ልትጠራኝ ነው ብላ ብድግ አለች። የባሏ ዘር ታጥቦና ተጣርቶ እንዳበቃ በቀጭን ቱቦ ወደ ማህፀኗ እንደሚገባ ሐኪሙ ነግሯታል።

«አልተገኘም» አለች ኤሌኒ።

«ምኑ?»

«የወንዱ ዘር። ናሙናውን በማሽን አሽከርክሬ ከሥሩ የዘቀጠውን በማይክሮስኮፕ አየሁት። ምንም የለም። ሌላ ባለሙያም ጠርቼ አሳየሁ።»

እታገኘሁ ክው ብላ ቀረች። አዘዞ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት። በትዳር በኖረችበት ዘመን ሁሉ ያልጠጣችው ጠበል፣ ያልዋጠችው ክኒን የለም። አምና ቱቦሽ ተዘግቶ ይሆናል ተብላ ሆዷን ተከፍታለች። አማቷ ደጅ ላይ ቆመው «መካን» ሲሏት ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል። ባሏ መምህር ይበልጣል ግን «እኔ ጤነኛ ነኝ» ካለ አለ ነው። ዛሬም ናሙና እንዲሰጥ ያመጣችው በስንት ልመና ነው።

«እስኪ ልየው» አለች።

ኤሌኒ አመነታችና ሁለቱንም አስገባቻቸው። እታገኘሁ ጎንበስ ብላ አየች። በብርሃኑ ክብ ውስጥ አቧራ የመሰሉ ነገሮች ተበታትነዋል። አንድ እንኳ የሚንቀሳቀስ ታገኝ እንደሆነ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች። የለም።

ከድንጋጤዋ ይልቅ ለባሏ ማዘኗ በለጠ። ይህን በሰው ፊት መስማት እንዴት ይቻላል? ዞር ብላ እጁን ያዘችው።

«አይዞህ፣ እግዚአብሔር አለ።»

ይበልጣል ግን ኤሌኒን እያየ ነበር። «አሁንም የለም ማለት ነው?» አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አሁንም?» አለች እታገኘሁ።

ይበልጣል ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

«መቼ ነው የነገሩህ?»

«ባሕር ዳር፣ ለክረምት ትምህርት የሄድሁ ጊዜ ተመርምሬ።»

«የትኛው ክረምት?»

«አንቺ ከመከፈትሽ በፊት። ትተይኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

እጁን ለቀቀችው። ግድግዳውን ተደግፋ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ይበልጣል ሊይዛት ሲጠጋ መዳፏን ዘርግታ አስቆመችው።

በዚህ መሃል ቦርሳዋ ውስጥ ስልኳ ጮኸ። እናቱ ናቸው። ከጠዋት ጀምሮ ወሬ ሲጠብቁ ነው የዋሉት። አነሳችው።

«ምነው ጠፋችሁ? ምን አሉሽ ታዲያ?»

እታገኘሁ ስልኩን ወደ ባሏ ዘረጋች።

«እንካ። አንተው ንገራቸው።»

ይበልጣል ተቀበላት። ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ወረፋ በሚጠብቁት ባልና ሚስቶች መሃል ቆመ። ከስልኩ ውስጥ የእናቱ ድምፅ እየደጋገመ ይጠራል።

«ሃሎ? ሃሎ? አንቺ ነሽ?»